ጥይቱን ማን ሞላው?

እ.ኤ.አ. በ1946 ጆን ኖስለር የተባለ አሜሪካዊ በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሙስ ሊያድን ወጣ። ሙስ የአጋዘን ዘር ቢሆንም ከበሬ የሚገዝፍ የሰሜን ጫካ አውሬ ነው። ኖስለር የያዘው ጠመንጃ .300 ኤች ኤንድ ኤች ማግነም የሚባለውን፣ በዘመኑ ከፈጣኖቹ የሚመደበውን ጥይት የሚተኩስ ነበር። ያገኘው ወንድ ሙስ ጭቃ ላይ ተንከባሎ ገላው በደረቀ ጭቃ ተለብጧል። ኖስለር ተኮሰ፤ መታው። አውሬው ግን አልወደቀም። ደግሞ መታው። አረሮቹ ከፍጥነታቸው የተነሳ ጭቃውንና ቆዳውን እንደነኩ እየተበታተኑ ወደ ሳንባው ሳይዘልቁ ቀሩ።

ኖስለር ችግሩ ያለው ከአረሩ አሠራር እንደሆነ ገባው። ወደ መኖሪያው ወደ ኦሪገን ግዛት ተመልሶ አዲስ አረር መሥራት ጀመረ። ከመዳብ ዘንግ ላይ በሁለቱም ጫፍ ክፍት የሆነ ቅርፊት አወጣ፤ በመካከሉ ግን የመዳብ ግድግዳ ተወለት። ከግድግዳው ፊትና ኋላ ያሉትን ክፍተቶች በእርሳስ ሞላቸው። እንዲህ ያለው አረር አውሬውን ሲመታ የፊቱ ክፍል ይከፈታል፣ ይሰፋል፣ ከፊሉም ይረግፋል፤ የኋላው ክፍል ግን ግድግዳው ስለሚጠብቀው ሳይበተን ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በ1948 ፓርቲሽን ብሎ የሰየመውን አረር ለገበያ አቀረበው፤ ዛሬም ይሸጣል።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ያኔ አንድ አዳኝ ስለዚህ አረር ሰምቶ ወደ ሱቅ ቢሄድ የሚያገኘው በአብዛኛው አረሩን ብቻ ነበር። ትልልቆቹ የአሜሪካ ጥይት ፋብሪካዎች የየራሳቸውን አረር እየሰኩ ይሸጡ ስለነበር፣ የኖስለርን አረር የፈለገ ሰው ጥይቱን ቤቱ ቁጭ ብሎ በገዛ እጁ መሙላት ነበረበት። ይህ ነገር ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ቆየ። በ1970ዎቹ መገባደጃ ላይ ግን ፌደራል የተባለው፣ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሚኒሶታ ያለው ፋብሪካ፣ የኖስለርን አረር የሰካ የአደን ጥይት በካርቶን አሽጎ ማውጣት ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉት።

በአሜሪካ አዳኞች ዘንድ «በእጅ የተሞላ ይሻላል ወይስ የፋብሪካ?» የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። እኔ ግን ክርክሩ የቆመበት መሬት ከፌደራል ውሳኔ በኋላ እንደተለወጠ አምናለሁ። አንድን እንስሳ ሳያሠቃዩ ለመግደል ወሳኙ ነገር በጥይቱ ጫፍ የተሰካው አረር ነው። አረሩን ማን እንደሰካው ዋና ጥያቄ የነበረው፣ ጥሩው አረር በእጅ ሞዪዎች ጠረጴዛ ላይ ብቻ በነበረበት ዘመን ነው።

ለማያውቀው አንባቢ የጥይትን አካል ላስረዳ። ሙሉ ጥይት አራት ነገሮችን የያዘ ነው። ቀለሁ ከናስ ይሠራል፤ ብዙውን ጊዜ ሰባ እጅ መዳብና ሠላሳ እጅ ዚንክ ነው። በውስጡ ባሩድ አለ። በአፉ ላይ አረሩ ተሰክቷል። በመቀመጫው መሀል ደግሞ መለኮሻዋ ትቀመጣለች፤ ስትመታ የምትፈነዳ፣ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ትንሽ ቆብ ናት። ምላጩ ሲሳብ የጠመንጃው መርፌ መለኮሻዋን ይመታል፤ እሳቷ ባሩዱን ያቀጣጥለዋል፤ ባሩዱ በቅጽበት ጋዝ ይሆናል። .30-06 በሚባለው የታወቀ የአደን ጥይት ውስጥ እንዲደርስ የሚፈቀደው ከፍተኛ ግፊት በአንድ ስኩዌር ኢንች 60,000 ፓውንድ ነው፤ ከመኪና ጎማ ግፊት ከ1,500 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። በዚያ ቅጽበት የናሱ ግድግዳ ይለጠጥና ከጠመንጃው ብረት ጋር ተጣብቆ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳያመልጥ ይዘጋዋል። ግፊቱ ሲወርድ ናሱ በመጠኑ ይሰበሰባል፤ ይላቀቅና ተመዞ ይወጣል።

አረሩ ሄዷል፤ ባሩዱ ተቃጥሏል፤ መለኮሻዋ ፈንድታለች። ብዙ ጊዜ ከአራቱ ውዱ የሆነው ቀለህ ግን እንዳለ ነው። በእጅ የመሙላት ሙያ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ሞዪው ቀለሁን ይጠርገዋል፤ በብረት ቅርጽ ውስጥ አስገብቶ በመጭመቂያ እየተጫነ ወደ ቀድሞ ልኩ ይመልሰዋል፤ ያገለገለችውን መለኮሻ አውጥቶ አዲስ ይተካል፤ ባሩዱን መዝኖ ይጨምራል፤ በመጨረሻ አረሩን በልኩ ያስቀምጣል። ባሩዱ የሚመዘነው በግሬን ነው። በአንድ ፓውንድ ውስጥ 7,000 ግሬን አለ፤ አንዱ ግሬን ከአንድ ግራም አሥራ አምስተኛ እጅ አይበልጥም። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው የሚቻኮል ወይም ወሬ የሚያበዛ ሊሆን አይችልም።

ሙያው ከሁሉ በላይ በአሜሪካ የተስፋፋበት አንዱ ምክንያት መለኮሻዋ ናት። በ1860ዎቹ አጋማሽ ሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት መለኮሻ አወጡ። የእንግሊዙ መኮንን ኤድዋርድ ቦክሰር፣ መለኮሻዋ ስትመታ የምትጋጭበትን ትንሽ ብረት ከራሷ ከመለኮሻዋ ጋር አያያዘው፤ እሳቱም ወደ ባሩዱ የሚያልፈው በቀለሁ መሀል ባለች አንዲት ቀዳዳ ነው። አሜሪካዊው ሃይረም በርዳን ግን መጋጫውን ከቀለሁ ጋር አንድ አድርጎ ሠራውና ለእሳቱ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎችን ከመሀል ወጣ አድርጎ በሳ። ከዚያ በኋላ የሆነው የሚያስገርም ነው። የእንግሊዙ ሥራ አሜሪካን፣ የአሜሪካዊው ሥራ ደግሞ አብዛኛውን አውሮፓ ወረሰ። የቦክሰርን ያገለገለች መለኮሻ ለማውጣት ቀጭን ዘንግ በመሀለኛዋ ቀዳዳ ሰዶ መግፋት ብቻ ይበቃል። የበርዳኗ ግን እንዲህ በቀላሉ አትወጣም፤ ወይ ከውጭ ተፈልቅቃ ወይ በውኃ ግፊት ተገፍታ መውጣት አለባት። አሜሪካዊው ገበሬ በጓዳው የሠራውን የአውሮፓው አዳኝ ለፋብሪካ የተወበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በ1870ዎቹ በአሜሪካ ሜዳማ ምድር ባይሰን የተባለውን የዱር በሬ ያድኑ የነበሩት ሰዎች እርሳስና ባሩድ በጋሪ ጭነው ይዞሩ ነበር። ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለው እርሳሱን ያቀልጣሉ፤ አረር ያፈሳሉ፤ የቀኑን ቀለህ መልሰው ይሞላሉ። ያ አደን ሚሊዮኖች የነበሩትን ባይሰኖች ለመጥፋት አንድ ሐሙስ እስኪቀራቸው ያደረሰ በመሆኑ የሚወደስ አይደለም። ሙያው ግን እዚያ መሠረት ያዘ። በ1884 ጆን ባርሎ በኮነቲከት አይዲያል የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ ኪስ የሚይዛቸውን የመሙያ ጉጠቶች መሸጥ ጀመረ። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬ ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ፤ የጥይት ጉልበትም አደጋውም አብሮ አደገ።

በእኛም አገር በዚያ ዘመን ጥይት ከመተኮሻነት ያለፈ ዋጋ ነበረው። ውጅግራ የምንለው፣ የፈረንሳዩ የ1874 የግራ ጠመንጃ በብዛት ከገባ በኋላ ጥይቱ በአንዳንድ ገበያዎች፣ በተለይ በደቡብና በምዕራብ፣ እንደ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር።

አሁን ወደ ፋብሪካው እንግባ። ሰው የፋብሪካ ጥይት ሲያማ ብዙ ጊዜ «ደካማ ነው» ይላል። በአንዳንድ ጥይቶች ላይ ይህ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ስንፍና አይደለም። .45-70 የሚባለውን ጥይት እንውሰድ። የአሜሪካ ጦር በ1873 ከስፕሪንግፊልድ ጠመንጃ ጋር የተቀበለው ነው፤ ሰባው ቁጥር በውስጡ የነበረውን የጥቁር ባሩድ ግሬን ያመለክታል። የዚያ ዘመን ጠመንጃዎች ዛሬም በሰው እጅ አሉ፤ ይተኮሱማል። በ1926 የተመሠረተው የአሜሪካ ፋብሪካዎች የመመዘኛ ተቋም ስለዚህ ለ.45-70 የፈቀደው ግፊት 28,000 ፓውንድ ብቻ ነው፤ ከ.30-06 ግማሽ እንኳ አይሞላም። ፋብሪካው ካርቶኑን የሚገዛውን ሰው አያውቀውም። አዲስ ብርቱ ጠመንጃ ያለው ይሁን የቅድመ አያቱን ጠመንጃ ከግድግዳ ያወረደ፣ ሁለቱም ሳይጎዱ መመለስ አለባቸው። በእጁ የሚሞላ ሰው ግን ጠመንጃውን ያውቀዋል። የመሙያ መመሪያ መጻሕፍት ለዚህ ጥይት ሦስት የተለያዩ ሠንጠረዦች የሚያወጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ ለጥንቱ ስፕሪንግፊልድ፣ አንዱ በማንሻ እጀታ ለሚሠሩት፣ አንዱ ደግሞ ለዘመኑ ብርቱ ነጠላ ተኳሾች።

በእጅ መሙላት ዛሬም በግልጽ የሚያሸንፈው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ፋብሪካ ማምረት ያቆመለትን አሮጌ ጠመንጃ ለያዘ ሰው፣ ወይም አዳኝ ልጁ የጠመንጃው ግፍትሪያ እንዳያስፈራው ለስለስ ያለ ጥይት ለሚፈልግ አባት፣ የመሙያ ጠረጴዛው ምትክ የለውም። ለእነዚህ ሰዎች ሙያው ችግር ፈቺ ነው፤ ለሙያው ያለኝ አክብሮትም ከዚህ ይመነጫል።

ብዙዎች ግን ወደ ሙያው የሚሳቡት በኢላማ ጉዳይ ነው። «የራሴን ስሞላ ጠመንጃዬ አይስትም» ይላሉ። ሒሳቡን በእርጋታ እንየው። ደህና የፋብሪካ ጥይት በደህና ጠመንጃ ሲተኮስ በ100 ሜትር ላይ ቀዳዳዎቹ አራት ወይም አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ውስጥ ያርፋሉ። ታጋሽ ሞዪ ይህን ወደ ሦስት፣ ምናልባትም ወደ ሁለት ሊያወርደው ይችላል። ይህ ለኢላማ ተወዳዳሪ ትልቅ ልዩነት ነው። በአሜሪካ በብዛት የሚታደነው ባለ ነጭ ጭራ አጋዘን ልብና ሳንባው ያለበት ቦታ ግን ወደ ሃያ ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። በ200 ሜትር እንኳ ሁለቱም ጥይቶች እዚያ ውስጥ ያርፋሉ። አዳኙን የሚያስተው በሩጫ የተነሳ ትንፋሹ፣ የቀዘቀዘ ጣቱ፣ ያልተመቸ አቀማመጡ፣ በትክክል ያልገመተው ነፋስ ነው። በሁለት ሴንቲ ሜትር ሲጨነቅ የሚያድር ሰው ያን ጊዜ ተንበርክኮና ቆሞ መተኮስን ቢለማመድበት አጋዘኑ የተሻለ አሟሟት ያገኛል።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ እንደ ጥይቱ ዓይነት ይለያያል። ሱቅ የሞላው፣ በየቦታው የሚሸጥ ጥይት የሚተኩስ ሰው መጭመቂያ፣ ሚዛን፣ ቅርጽና ካሊፐር ገዝቶ ወጪውን ለመመለስ ብዙ ጊዜ ይወስድበታል። እንደ .416 ሪግቢ ያለ ውድ የትልልቅ አውሬ ጥይት ለሚተኩስ ሰው ግን ቁጠባው ፈጥኖ ይታያል፤ ከዚህም በላይ እንደ ልቡ እንዲለማመድ ያስችለዋል።

«በእጄ ስሞላ ገበያ አያስጨንቀኝም» የሚለው ክርክር በ2020 ክፉኛ ተፈተነ። የኮሮና ወረርሽኝ በገባበት በዚያ ዓመት አሜሪካውያን ጠመንጃና ጥይት በገፍ ገዙ፤ አንጋፋው የጠመንጃና የጥይት ፋብሪካ ሬሚንግተን በዚያው ዓመት ሐምሌ ለኪሳራ ጥበቃ ማመልከቱም በገበያው ላይ ተጨማሪ ጫና ሆነ። የሱቅ መደርደሪያዎች ባዶ ሲሆኑ በመጀመሪያ ከጠፉት ነገሮች አንዷ መለኮሻ ነበረች። ቀለህ ይለቀማል፤ እርሳስ ይቀልጣል። መለኮሻን ግን ማንም በጓዳው አይሠራትም፤ በአሜሪካ የሚያመርቷት ፋብሪካዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እነሱም የራሳቸውን ጥይት ይሞሉባታል። በእጁ የሚሞላው ሰው ከፋብሪካው ነፃ የወጣ ቢመስለውም ከአራቱ ነገሮች ቢያንስ በአንዲቷ ሁልጊዜ ከፋብሪካው ደጅ ነው።

ስለ አደጋው ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጭስ አልባ ባሩድ ብዙ ዓይነት ነው፤ አንዱ ቶሎ ይነዳል፣ ሌላው ይዘገያል፤ በዓይን ሲታዩ ግን ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ለሽጉጥ የታሰበ ፈጣን ባሩድ በስህተት ለትልቅ ጠመንጃ ቢሞላ ብረቱን ይሰነጥቃል፤ ተኳሹን ዓይኑን ወይም ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። ጥንቁቅ ሞዪዎች ጠረጴዛቸው ላይ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ የባሩድ ዕቃ የማያኖሩት ለዚህ ነው። ባሩድና አረር አምራቾች ተኩሰውና ግፊቱን ለክተው ካሳተሙት ሠንጠረዥ አይወጡም፤ ከዝቅተኛው ጀምረው ቀስ እያሉ ይወጣሉ። ቀለሁም ዕድሜ አለው። በተተኮሰና በተጨመቀ ቁጥር ናሱ ይደርቃል፤ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ይሳሳል። እዚያ ላይ የሚያበራ ቀለበት ከታየ ያ ቀለህ ሁለተኛ አይሞላም፤ ጠመንጃው ውስጥ ለሁለት ሊበጠስ ይችላል።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር ሙቀት ነው። ባሩድ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። እንግሊዞች ለአፍሪካና ለሕንድ ፀሐይ ጠመንጃ ሲሠሩ ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። በ1911 የወጣው የ.416 ሪግቢ ቀለህ ትልቅ የሆነበት አንዱ ምክንያት፣ ባሩዱ ሰፊ ቦታ ኖሮት ግፊቱ ዝቅ እንዲልና የጋለ ቀለህ በጭንቅ ሰዓት ከጠመንጃው አልወጣም እንዳይል ነው። በሚኒሶታ ክረምት ተሞልቶ የተሞከረ፣ ግፊቱ ጫፍ የደረሰ ጥይት በኦሞ ሸለቆ ቀትር ላይ ሌላ ጠባይ ያሳያል። አንዳንድ ዘመናዊ ባሩዶች ሙቀት እንዳይለውጣቸው ተደርገው ቢሠሩም ጨርሶ የማይለወጥ የለም።

ስለ ጥይት ወጥነት ሳስብ «ካራሞጆ» በሚል ቅጽል የሚታወቀው ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል ሁሌ ይታወሰኛል። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአፍሪካ፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያም ጭምር፣ ስለ ዝሆን ጥርስ ሲል ከ1,000 በላይ ዝሆኖችን የገደለ ሰው ነው። ቁጥሩ ዛሬ ለሚሰማው ሁሉ ያሳዝናል፤ ያንን ዓይነት አደን የሚናፍቅ ሰውም አይኑር። ከመሣሪያ ምርጫው ግን ትምህርት አለ። ሌሎች በትከሻ የሚከብድ ጠመንጃ ሲይዙ ቤል ለአብዛኞቹ የተጠቀመው ሰባት ሚሊ ሜትር የሆነውን ቀላል ማውዘር ነበር። የመረጠው ጥይት በጀርመን ፋብሪካ የተሠራ፣ በጠንካራ ብረት የተለበጠ ረጅም አረር ያለው፣ ከዓመት ዓመት የማይለዋወጥ ጥይት ነው። ከቤቱ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ በየወንዙ ዳር ለሚያድር ሰው ከጉልበት ይልቅ የታመነ ወጥነት በልጦበታል። ፋብሪካ በደህናው ቀኑ ከእጅ የሚበልጥበት ነገርም ይኸው ወጥነት ነው።

የአረሩ ጉዳይ በዘመናችን አዲስ መልክ ይዟል። እርሳስ ያለበት አረር አውሬውን ሲመታ ደቃቅ ፍርፋሪ ይረጫል። አዳኙ የአጋዘኑን ሆድ ዕቃ ሜዳ ላይ ጥሎ ሲሄድ ጥንብ አንሳዎች ፍርፋሪውን አብረው ይበላሉ፤ በእርሳስ መርዝም ይሞታሉ። በ1982 በዓለም ላይ 22 ብቻ ቀርተው የነበሩት የካሊፎርኒያ ኮንዶር የሚባሉት ጥንብ አንሳዎች ከሚሞቱባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ካሊፎርኒያ በ2013 ባወጣችው ሕግ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በግዛቷ ሁሉ በእርሳስ ጥይት ማደንን ከለከለች፤ ዴንማርክ በ2024 ለጠመንጃ አደን ተመሳሳይ እርምጃ ወሰደች። ባርንስ የተባለው ድርጅት በ1989 ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ አረር ሲያወጣ፣ እንደ ኖስለር ዘመን ሁሉ፣ ቀድመው የተቀበሉት በእጃቸው የሚሞሉት ነበሩ። ዛሬ ግን የመዳቡን አረር የሰካ ጥይት በየፋብሪካው ካርቶን ይገኛል። መንገዱ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆነ፤ ጓዳው ሞከረ፣ ፋብሪካው ተከተለ። ጥንብ አንሳዎቻችን ላሉባቸው አገሮችም ይህ ለውጥ ቶሎ ቢደርስ ደስታዬ ነው።

ዛሬ ስለዚህ ለአንድ ጀማሪ አዳኝ የምመክረው፣ የሚያድነው እንስሳ ክብደት የሚፈልገውን አረር መርጦ ያ አረር የተሰካበትን የፋብሪካ ጥይት ሁለት ሦስት ዓይነት እንዲገዛና ጠመንጃው የሚወደውን በተኩስ ሜዳ እንዲለይ ነው። ባዶ ቀለሆቹን ግን አይጣላቸው፤ ምናልባት አንድ ቀን ይፈልጋቸው ይሆናል። ወደ መሙያ ጠረጴዛ የሚሄደው ደግሞ፣ ለአደን የሚይዘውን እያንዳንዱን ጥይት ከመውጣቱ በፊት በተኩስ ሜዳ፣ አፈሙዙን ወደ ኢላማው አዙሮ፣ በገዛ ጠመንጃው ውስጥ አስገብቶ ያውጣው፤ በጣት ስፋት ያህል ሳይሆን በፀጉር ያህል የሰፋ ቀለህ እንኳ ሜዳ ላይ አልገባም ሊል ይችላል።

አንድ ነገር ይቀራል፤ በአሜሪካ ቤቶች ውስጥ በጣም ይደጋገማል። አያት ወይም አጎት ሲሞት ከጠመንጃው ጋር በእጁ የሞላው ጥይት የታጨቀበት የቡና ጣሳ ይገኛል። ላዩ ላይ ምንም አልተጻፈም፤ ወይም የተጻፈው ደብዝዟል። የትኛው ባሩድ፣ ስንት ግሬን፣ ለየትኛው ጠመንጃ እንደሆነ የሚያውቀው ሰው ተቀብሯል። ያ ጥይት አይተኮስም። አረሩ በመንቀያ ይወጣል፤ ባሩዱ ምንነቱ ስለማይታወቅ ለሌላ ጥይት አይውልም፤ መለኮሻዋም አትታመንም። ያልተሰነጠቀና ቀለበት ያላወጣ ቀለህ ከተገኘ እሱ ይጠረጋል፣ ይለካል፣ በአዲስ ሥራ ላይ ይውላል።